በርክሌይ 20,000 ሌክቸሮቹን ሲዘጋ

ነገሩ የተጀመረው በቀና ሐሳብ ነው። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ2007 ሙሉ ኮርሶቹን ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቅንጭብ አይደለም። ከሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻው ድረስ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ የተናገረው በሙሉ። ክፍያ የለም፣ የመግቢያ ፈተና የለም። ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ቁጭ ብሎ መማር ቻለ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ማርች 2017 ላይ፣ ያው ዩኒቨርሲቲ ከ20,000 በላይ የቪዲዮና የድምፅ ትምህርቶችን ከሕዝብ ዓይን ማንሣት ጀመረ። የተማሪ ወይም የሠራተኛ መግቢያ የሌለው ሰው ከዚያ ወዲህ ሊከፍታቸው አልቻለም።

በመሃል ምን ተፈጠረ? ታሪኩ ሲወራ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ «መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሰሱ፣ ዩኒቨርሲቲውም ዘጋ።» ይህን ስሰማ ያመኛል። ጥፋቱን የሚጭነው ከመጀመሪያውም በሩ ባልተከፈተለት ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከሥሩ እንየው።

ማን ምን ጠየቀ?

ዋሽንግተን ውስጥ ጋላውዴት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በ1864 የተመሠረተ፣ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የቆመ፣ የምልክት ቋንቋ የዕለት ተዕለት ቋንቋው የሆነ ተቋም ነው። እዚያ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች በርክሌይ ለዓለም የለቀቃቸውን ትምህርቶች መጠቀም ፈለጉ። አልቻሉም። ብዙው ሰብታይትል የለውም። ካለውም ውስጥ ብዙው ማሽን የጻፈው ነው፤ ስህተቱ ተነግሮ አያልቅም። ኦክቶበር 2014 ላይ በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር በኩል ለፍትሕ ሚኒስቴሩ አቤት አሉ።

የጠየቁት ቀላል ነገር ነው። የሚነገረው በትክክል ይጻፍልን። ይዘጋ ያለ ሰው አልነበረም።

አቤቱታው የቆመው በ1990 በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ላይ ነው። ሕጉ የመንግሥት ተቋማት በሚሰጡት አገልግሎት አካል ጉዳተኞችን እንዳያገሉ ያዛል። በርክሌይ ደግሞ የካሊፎርኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ነው። አገልግሎቱ ነፃ መሆኑ ግዴታውን አያስቀርም። ተቀባዩ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አለመሆኑም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል። «በነፃ የሰጠ ሰው ደግሞ ለምን ይጠየቃል?» ይላል። ጥያቄው ይገባኛል። አንድ ግለሰብ በግሉ ቪዲዮ ሠርቶ ቢለቅ እኔም ያንኑ እል ይሆናል። የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ግን ሌላ ነው። «ለሁሉም» ብሎ በር ሲከፍት፣ ሁሉም ከተባለው ውስጥ መስማት የተሳነው ሰው አለ። ግብሩን እሱም ከፍሏል።

ምርመራው ያገኘው

ሚኒስቴሩ ጉዳዩን ሲያጣራ ቆይቶ ኦገስት 30 ቀን 2016 ግኝቱን በደብዳቤ አሳወቀ። ኢዴክስ በሚባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ በኩል ከሚሰጡት ክፍት ኮርሶች መጀመሪያ 16፣ በኋላም 10 ሌሎች ተመልክቷል። አይቱንስ ዩ በሚባለው የአፕል መድረክ ላይ ከነበሩት ውስጥ ደግሞ በ27 ኮርሶች ሥር ያሉ 99 ሌክቸሮችን አይቷል። ከነዚህ የአይቱንስ ዩ ቪዲዮዎች አንዱም ሰብታይትል አልነበረውም።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ችግሩ ሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው።

አንድ የፊዚክስ ወይም የሕክምና ሌክቸር ክፈቱና ድምፁን አጥፉት። ማሽኑ በጻፈው ሰብታይትል ብቻ ለመከታተል ሞክሩ። በዚያን ጊዜ የነበረው ማሽን ተራ ወሬን በመጠኑ ይይዝ ነበር። የሚሳሳተው የሰው ስም ላይ፣ የመድኃኒት ስም ላይ፣ ቀመር ሲነበብ፣ አዲስ ቃል ሲመጣ ነው። በሌላ አነጋገር ትምህርቱ ያለበት ቦታ ላይ። ሥርዓተ ነጥብ የለም። መምህሩ ጠይቆ ተማሪ ሲመልስ ማን እንደተናገረ አይለይም። «አይደለም» የምትለዋ አንዲት ቃል ከተዘለለች ነገሩ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። የሚሰማ ሰው እንዲህ ያለውን ስህተት በጆሮው ያርመዋል። የማይሰማው ሰው ግን ስህተት መኖሩን በምን ያውቃል? የተጣመመውን ይዞ እስከ ፈተና ቀን ይሄዳል።

ማየት ለተሳነው ሰው ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ድምፁ ይሰማል። ግን መምህሩ ሰሌዳውን እየነካካ «ይሄ በዚህ ሲባዛ ያንን ይሰጠናል፤ ያ ደግሞ ወደዚህ ይመጣል» ይላል። ይሄ የቱ ነው? ያስ? ክፍሉ በሙሉ ገብቶት ራሱን ይነቀንቃል። እሱ ግን ምንም የሌለበት ዓረፍተ ነገር ታቅፎ ይቀራል። መምህሩ «መጠነ ቁሱ በፍጥንጥነቱ ሲባዛ ኃይሉን ይሰጠናል» ቢል ኖሮ ችግሩ አምስት ሳንቲም ሳይወጣበት እዚያው ይፈታ ነበር። ደግሞም ዓይናማውን ተማሪ ይጠቅመዋል፤ ማስታወሻ እየጻፈ ያጎነበሰውን፣ ከኋላ የተቀመጠውን፣ በስልክ እየሰማ የሚሄደውን።

ሰነዶቹም ነበሩ። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነባል። ገጹ በፎቶ ተነሥቶ የገባ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ለፕሮግራሙ ጽሑፍ አይደለም። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ «ምስል» ብሎ ያልፋል። አርባ ገጽ ንባብ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» ይሆናል ማለት ነው። ደብዳቤው መግለጫ ያልተጻፈላቸውን ሥዕሎች፣ ከጀርባቸው ቀለም የማይለዩ ጽሑፎችንና ያለ ማውስ የማይንቀሳቀሱ ገጾችንም አንሥቷል።

ለእኔ የደብዳቤው ዋና ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው። ትምህርቱን ተደራሽ የማድረጉ ሥራ በየመምህሩ ትከሻ ላይ የተጣለ ነበር። መመሪያ ነበር፤ የሚረዳ ክፍልም ነበር። መሠራቱን የሚያይ ግን አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ወዲያው ያውቀዋል። መምህሩ የሚያርመው ፈተና ተከምሮበታል፣ የምርምር ገንዘብ ማመልከቻው ነገ ያልቃል፣ የሚያማክራቸው ተማሪዎች በር ላይ ቆመዋል። ሰብታይትል ስላላረመ የሚጠይቀው የለም፤ ቢያርምም የሚያመሰግነው የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ነገ እየተባለ ዓመት ያልፋል። መምህራኑን መውቀስ አልፈልግም። ባለቤት የሌለው ሥራ ዕጣው ይኸው ነው።

ሚኒስቴሩ ዩኒቨርሲቲው አሠራሩን እንዲያስተካክል፣ ትምህርቶቹን ተደራሽ እንዲያደርግና ለተጎዱት ካሳ እንዲከፍል ጠየቀ። እምቢ ካለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

ውሳኔው

ሴፕቴምበር 2016 ላይ ዩኒቨርሲቲው መልሱን ጠቆም አደረገ። የተጠየቀው ማስተካከያ እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ትምህርቶቹን ከሕዝብ ማንሣትን እንደ አማራጭ እያየው መሆኑን ገለጸ። ማርች 1 ቀን 2017 ወሰነ። ከማርች 15 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይዘጋሉ ተባለ። ምክንያት ሆነው የቀረቡት ወጪው፣ ገንዘቡን አዲስና ተደራሽ የሆነ ትምህርት ላይ ማዋል መሻሉ፣ የመምህራኑን ሥራ ያለፈቃድ ከሚገለብጡ ሰዎች መጠበቅም ነበሩ።

ልብ በሉ፤ ዝጉ ብሎ ያዘዘ ፍርድ ቤት የለም። ሚኒስቴሩም ዝጉ አላለም። ሕጉ ራሱ ማምለጫ አለው። ተቋሙ የሚጠየቀው ነገር ከአቅም በላይ ሸክም እንደሆነ ካሳየ አይገደድም። ማሳየት ግን አለበት። የተቋሙ ኃላፊ፣ ያለውን ሀብት ሁሉ ግምት ውስጥ አስገብቶ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ከዚያም በኋላ በተቻለው መጠን አገልግሎቱን ማዳረስ ግዴታው ነው። የ2016ቱ ደብዳቤ በርክሌይ ይህን አላሳየም ይላል።

ወጪው ግን ቀልድ አይደለም። ለመከራከሪያ ያህል በራሴ ግምት ላስላው። 20,000 ትምህርት፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ነው እንበል። የአንድ ሰዓት ንግግርን በደንብ ጽፎ፣ አርሞ፣ ከድምፁ ጋር ለማገጣጠም አምስት ሰዓት ይፈጃል እንበል። 100,000 የሥራ ሰዓት ይመጣል። አንድ ሰው በዓመት 2,000 ሰዓት ቢሠራ 50 ዓመት ይወስድበታል። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ዕዳ የተቆለለበት ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን ከሌላ አቅጣጫ እንየው። ትምህርቶቹ የተከማቹት በአንድ ሌሊት አይደለም። ከ2007 እስከ 2015፣ በስምንት ዓመት ነው እንበል። በዓመት 2,500 ማለት ነው። በየዓመቱ የተቀረጸው በዚያው ዓመት ቢጻፍ፣ በዚሁ ግምቴ 12,500 የሥራ ሰዓት ይሆናል። ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰው። ከግማሽ በላዩን፣ በትርፍ ጊዜያቸው መሥራት የሚፈልጉ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችሉ ነበር። የ2017ቱ ውሳኔ የተወሰነው በ2007 ነው የምለው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቪዲዮ ያለ ሰብታይትል ሲጫን ዕዳው ተጀመረ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሌክቸር ወለድ ነበር።

ደግሞስ 20,000ውን ሁሉ በአንዴ ማን አለ? ብዙ የሚታዩትን ማስቀደም ይቻል ነበር። የቀረውን ባለበት አስቀምጦ፣ «የምትፈልገውን ንገረን፣ በዚህን ያህል ቀን ጽፈን እንሰጥሃለን» ማለት ይቻል ነበር። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ጋር ቁጭ ብሎ በቅደም ተከተሉ ላይ መስማማት ይቻል ነበር። እነዚህ ሁሉ ፍጹም አይደሉም፤ ከተዘጋ በር ግን ይሻላሉ።

ከተዘጋ በኋላ የሆነው

ቁጣው ወዲያው መጣ። አቅጣጫው ግን የተሳሳተ ነበር። «ጥቂት ሰዎች ለራሳቸው ስላልተመቻቸው ለሁላችንም አስዘጉብን» የሚል ንግግር በዛ። አስቡት፤ ሌሎች ትምህርቱን ሲማሩባቸው በቆዩባቸው ዓመታት መስማት የተሳነው ሰው ውጭ ነበር። ያኔ ማንም አልተቆጣም። ቁጣው የመጣው የሚሰማውም ሰው ውጭ ሲቀር ነው።

ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ሆነ። ኤልቢአርዋይ የሚባል ድርጅት ሌክቸሮቹን ከመነሣታቸው በፊት ገልብጦ በራሱ መድረክ ላይ መልሶ ለቀቃቸው። ብዙ ሰው ደስ አለው፤ ዕውቀት ዳነ ተባለ። እኔም ዕውቀት እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ። ግን የዳነው ምን እንደሆነ እንይ። የተገለበጠው ያው ሰብታይትል የሌለው ቪዲዮ ነው። የሚሰማ ሰው በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። መስማት የተሳነው ሰው በ2014 አቤት ሲል የቆመበት ቦታ ላይ ቀረ። ልዩነቱ፣ አሁን ስድቡንም ጨመሩለት።

ይህ ሁሉ በርክሌይ ላይ መሆኑ

ቦታው ሌላ ቢሆን እንዲህ አይከነክነኝም ነበር። በርክሌይ ግን ተራ ቦታ አይደለም።

ኤድ ሮበርትስ የሚባል ወጣት በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ሌሊት የሚተነፍሰው «የብረት ሳንባ» በሚባል ትልቅ ማሽን ውስጥ ተኝቶ ነበር። በ1962 በርክሌይ ገባ። ማሽኑ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ሊቀመጥ ስላልቻለ፣ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ተሰጠው። የግዛቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ጉዳቱ ከባድ ነው፣ ወደፊትም ሥራ አይሠራም ብሎ ሊረዳው አልፈለገም ነበር። እሱን ተከትለው ሌሎችም ገቡ። ተሰባስበው ታገሉ። በ1970 በአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚመራ አገልግሎት በግቢው ተከፈተ፣ በ1972 ደግሞ በከተማው ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተቋቋመ። በ1975 ሮበርትስ ያኔ ሥራ አይሠራም ያለው መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

እዚያው ከተማ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ጠርዞች ለዊልቸር እንዲመቹ ተደርገው ተስተካከሉ። ዛሬ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛም ጠርዙ በተስተካከለበት በኩል ያልፋል። ማን እንዳስተካከለው ሳያስብ። ሰብታይትልም እንደዚያው ነው። በባዕድ ቋንቋ የሚማረው፣ ሕፃን አስተኝቶ የሚያነበው፣ አንድ ቃል ፈልጎ ቪዲዮው ውስጥ የሚፈትሸው ሁሉ ይጠቀምበታል። ይህን ከበርክሌይ በላይ ማን ሊያውቀው ይገባ ነበር?

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

ያው መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበር ፌብሩዋሪ 2015 ላይ ሃርቫርድና ኤምአይቲ የተባሉትን ዩኒቨርሲቲዎች ፍርድ ቤት ከሷቸዋል። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ሃርቫርድ ኖቬምበር 2019፣ ኤምአይቲ ፌብሩዋሪ 2020 ላይ በስምምነት ጨረሱ። ስምምነቱ ይዘጋ አይልም፤ ይጻፍ ነው የሚለው። በሃርቫርዱ ውል ሰብታይትል የሌለው የቆየ ቪዲዮ የሚፈልግ ሰው ጥያቄ ሲያቀርብ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይሠራለታል። በርክሌይ ላይ ይቻል ነበር ያልኩት «ንገረን፣ እንሰጥሃለን» እዚህ በወረቀት ሰፍሯል።

ከምርምሩ ዓለም ደግሞ አርካይቭን ልጥቀስ። ከ1991 ጀምሮ ያለ፣ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ጥናቶች በነፃ የሚለቀቁበት ማኅደር ነው። ጥናቶቹ የሚወጡት በፒዲኤፍ ነበር። ቀመር የበዛበት ፒዲኤፍ ለስክሪን ሪደር መከራ ነው። ማኅደሩ ዲሴምበር 2023 ላይ አዳዲስ ጥናቶችን ከፒዲኤፉ ጎን በኤችቲኤምኤል ማቅረብ ጀመረ። ቅየራው በማሽን ስለሆነ ስህተት እንዳለበት በግልጽ ተናገረ፤ አንባቢው ስህተት ሲያገኝ የሚጠቁምበት ቦታም አስቀመጠ። ያልጨረሰውን ሥራ ሳይደብቅ ጀመረ። እኔ ይህን እወደዋለሁ። ማየት የተሳናት ተመራማሪ አዲስ ጥናት በወጣበት ሳምንት ማንበብ ካልቻለች፣ ረዳት ፈልጋ እስክታስነብብ የሙያ ባልደረቦቿ ቀድመዋት ሄደዋል። በምርምር ሥራ ውስጥ መዘግየት ራሱ መገለል ነው።

እንዴት አለቀ?

ሚኒስቴሩ ጉዳዩን አልተወውም። ኖቬምበር 2022 ላይ ክሱንና ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተደረሰበትን ስምምነት አንድ ላይ ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቀረበ። ፍርድ ቤቱ ዲሴምበር 2 አጸደቀው። በርክሌይ ክፍት ኮርሶቹን፣ ድረ ገጾቹን፣ ቪዲዮዎቹንና ፖድካስቶቹን ተደራሽ ለማድረግ ተስማማ። መመሪያውን ሊያሻሽል፣ ሠራተኞቹን ሊያሠለጥን፣ ሥራውን የሚያስተባብር ሰው ሊመድብ፣ በገለልተኛ ባለሙያ ሊፈተሽም ቃል ገባ። በ2016ቱ ደብዳቤ ባለቤት አጥቶ የነበረው ሥራ አሁን ባለቤት አገኘ።

ኤፕሪል 2024 ላይ ደግሞ ሚኒስቴሩ ለግዛትና ለአካባቢ መንግሥት ተቋማት በሙሉ ደንብ አወጣ። የድረ ገጽና የሞባይል መተግበሪያ ይዘታቸው የትኛውን ቴክኒካዊ መለኪያ ማሟላት እንዳለበት በግልጽ አስቀመጠ። በመግቢያ ቃል የተዘጉ የኮርስ ገጾችን ነፃ ያደርግ የነበረው ሐሳብ ረቂቁ ላይ ነበር፤ በመጨረሻው ደንብ ግን ተሰርዟል። አንድ ነገር ግን ተፈቅዷል። ለማጣቀሻ ወይም ለምርምር ብቻ የተቀመጠ፣ ተለይቶ የተከማቸና ከዚያ ወዲህ ያልተነካ የቆየ ይዘት በአንዴ እንዲስተካከል አይገደድም። የዕዳ ክምር የፈራ ተቋም መዝጋት ብቻ አማራጩ እንዳይሆን ነው፤ ቢያንስ እኔ የማነበው እንደዚያ ነው። አንድ ሰው የተቀመጠውን ሲፈልግ ግን፣ ለሱ የማዳረሱ ግዴታ አሁንም አለ።

አቤቱታው ከገባበት ከኦክቶበር 2014 ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን እስካጸደቀበት እስከ ዲሴምበር 2022 ስምንት ዓመት አልፏል። ያኔ የ14 ዓመት ልጅ የነበረች መስማት የተሳናት ተማሪ፣ ስምምነቱ ሲጸድቅ 22 ዓመቷ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ ልትወጣ የምትችልበት ዕድሜ ነው።